ቤት ለማዳን የተፈታ ባል

ባሌን የፈታሁት ማክሰኞ ጠዋት፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ፔሬድ መካከል ነው። ሦስተኛው ፔሬድ ባዶዬ ስለነበር ዳይሬክተሩን ማስፈቀድ እንኳ አላስፈለገኝም። የመጨረሻው ቀጠሯችን ነበር። ዳኛዋ ፊት ቆምን፣ በኦሮምኛ ጠየቀችን፣ በኦሮምኛ መለስን፣ ፈረምን። ከዚያ እሱ የአዳማ ሚኒባስ ለመያዝ ወደ መናኸሪያ ወረደ፤ እኔ ወደ ሰባተኛ ክፍል ተመለስኩና ክፍልፋይ ማባዛት አስተማርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርንበት ትዳር ለመፍረስ የፈጀበት ጊዜ አንድ ሚኒባስ ሰው ሞልቶ እስኪነሳ ከሚፈጀው ያነሰ ነበር። በዚያ ቀን በራሴ ብልጠት እንዴት እንደኮራሁ ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን በነጠላዬ መሸፈን ያሰኘኛል።

ባሌ የኮምባይነር ሾፌርና መካኒክ ነበር። አዝመራ ሲደርስ ከሁሩታ እስከ አርቦዬ፣ አንዳንድ ዓመት እስከ ጮሌ ድረስ እየዞረ ስንዴና ገብስ ያጭዳል፤ አዝመራው ሲያልቅ አቧራ ጠግቦ፣ ኪሱ ሞልቶ ይመለሳል። ቤታችንን የሠራነው በዚያ ገንዘብ ነው። አንዱን ዓመት ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፣ ቀጣዩን ዓመት ኮርኒስ፣ ከዚያ ሊሾ፣ ከዚያ ጓሮው ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል፣ መጨረሻ ላይ የብሎኬት አጥር። በረዶ እህሉን በመታበት ዓመት ምንም አልተሠራም፤ ሳሎኑ ያለ መስኮት፣ የማዳበሪያ ከረጢት ተወጥሮበት ከረመ። የከተማው ውብ ቤት አልነበረም። ግን እያንዳንዱ ግድግዳ የየትኛው ዓመት ስንዴ እንደሆነ አውቅ ነበር።

እግሩ ማበጥ ሲጀምር ጫማው ጠበበኝ አለና አንድ ቁጥር የሚበልጥ ቦት ገዛ። ፊቱ ሲያብጥ እንቅልፍ አብዝቼ ነው አለ። ወንዶች ሐኪም ቤት ላለመሄድ የሚፈጥሩት ሰበብ ለሌላ ሥራ ቢውል ኖሮ አገር በለማ ነበር። በመጨረሻ ኮምባይነሩ ላይ እንዳለ ትንፋሽ አጥሮት አውርደው አመጡት። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል ተባለ። አዳማ እየሄደ በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት እንዲያደርግ ታዘዘለት፤ እኛ ሁለት ጊዜ አደረግነው። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ሦስተኛዋን ማን ይከፍላታል ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ የቀጠሮ ካርዱን ተቀብዬ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄደው ሞተር ሳይክሉ ነው። ቀጥሎ የአንገት ወርቄ፣ ቀጥሎ ለልጃችን ያጠራቀምነው። ልጃችን ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ የራሷን ቁጠባ ደብተር ራሷ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ እኛም እፍረታችንን ዋጥ አድርገን ወሰድነው። እሱም አልቆ ስንቸገር፣ ባሌ ለዓመታት ኮምባይነሩን የነዳለት አንድ የሁሩታ እህል ነጋዴ ስድስት መቶ ሺህ ብር አበደረን። ውል ተጻፈ፣ ሦስት ምስክር ተቀመጠ፣ ሁለታችንም ፈረምን። አዝመራው ከገባ በኋላ፣ በጥር መጨረሻ እንመልሳለን ብለን ነበር። በምን እንደምንመልስ ያልጠየቀን ከጨዋነቱ ይመስለኝ ነበር።

ጥር አለፈ። የካቲት ላይ መደወል ጀመረ። መጀመሪያ ስለ በሽተኛው ጤና ይጠይቅና ስለ ገንዘቡ መጨረሻ ላይ ያነሳል፤ ከዚያ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ከዚያ ስለ ጤናው መጠየቁን ተወው። መጋቢት ላይ የጠበቃ ማስጠንቀቂያ መጣልን። በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልከፈልን ክስ ይመሠረታል፣ ቤታችንም በሐራጅ ይሸጣል ይላል።

ይህን ጊዜ ነው ታላቅ ወንድሜ የመጣልኝ። ወንድሜ እዚሁ አሰላ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። የማያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀውን ሁሉ ግን ግማሽ ግማሹን ነው። ማስጠንቀቂያውን ቁሞ አነበበና ሳቀ። «ይሄ ምን ያስደነግጣል? አንድ ሰው አሳይሻለሁ» ብሎ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወዳለ ማመልከቻ ጸሐፊ ወሰደን። ሰውዬው የደበዘዘ የቢራ ጃንጥላ ሥር፣ ሁለት እግሯ በድንጋይ የተደገፈች ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል። ከጀርባው ሕግ አለ ለማለት ያህል ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ተቀምጧል። ሲከፍተው አላየሁም።

«እህቴ፣ ቀላል ነው» አለኝ። «በስምምነት ትፋታላችሁ። በስምምነቱ ላይ ቤቱን ላንቺ፣ ዕዳውን ለሱ እናደርጋለን። ካርታው በስምሽ ይዞራል። አበዳሪው ሲመጣ የሚያገኘው አንድ የታመመ ሰው ነው። የታመመ ሰው ደግሞ በሐራጅ አይሸጥም!»

በራሱ ቀልድ ሳቀ፣ ወንድሜም ሳቀ። ባሌ ጎኑን ይዞ አጥሩ ላይ ተደግፎ ነበር።

«ሌላ ችግር የለውም?» አልኩት።

«ምን ችግር አለው? ከበሽታው ሲድን ተመልሳችሁ ትጋባላችሁ። እኔው እጽፍላችኋለሁ» አለኝ።

የብድር ውሉን አሳዩኝ አላለም። እኛም አላሳየነውም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሰዎች ነበርን፣ አንዷ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ከአራታችን አንዱ እንኳ የፈረማችሁት ምን ይላል ብሎ አልጠየቀም። ስምንት መቶ ብር ከፈልን፣ ማተሚያውን ጨምሮ። ወንድሜማ ለጥንቃቄ ብሎ ቤት የነበረውን የውሉን ቅጂ ጠይቆ ተቀበለኝና አራት ቦታ ቀደደው። «ማስረጃ ቤት ውስጥ አይቀመጥም» አለኝ። ዋናው ነጋዴው እጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኛ ቅጂውን ስንቀድ ሰውዬው ሁሩታ ላይ የሚያዝን ይመስል፣ እኔም መጥረጊያ አምጥቼ ቁርጥራጩን ጠረግሁ።

ከፍቺው በኋላ የተፋታን መምሰል ነበረብን። ባሌ ፍራሹን ይዞ ሰርቪሷ ገባ። ምግቡን እኔው ሠርቼ በጓሮ በር አቀብለዋለሁ፤ መድኃኒቱን እኔው ቆጥሬ እሰጠዋለሁ፤ ጠዋት ለእጥበት ሲወጣ ግን ሰው እንዳያየን እሱ በአንዱ መንገድ፣ እኔ በሌላው መንገድ ዞረን መናኸሪያ እንገናኛለን። አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላን ሰዎች እንደ ኮረዳና ጎረምሳ ተደብቀን እንቀጣጠር ነበር። እድሩም ፍቺውን ሲሰማ ሁለት አባወራ ናችሁ ብሎ መዋጮውን ለየብቻ ያስከፍለን ጀመር። ከዕዳ ልናመልጥ ብለን በየወሩ የምንከፍለው ላይ ጨመርን ማለት ነው። ይህን ብልሃት ያስተማረንን ሰው ደግሞ ከፍለነዋል።

የሰፈር ሰው ምን ያድርግ፣ ያየውን አየ። ባሏ ሲታመም ፈታችው፣ ቤቱን ነጥቃ ሰርቪስ አስገባችው። አስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ስገባ ወሬ ይቋረጣል፤ ጉሮሮ ይጠረጋል፤ አንዷ ስለ አየሩ ታነሳለች። አዝመራ ላይ ባሌ ካመጣው ስንዴ ለቤቷ ተካፍላ የበላች ሴት ሰላምታዬን በግማሽ አፏ መመለስ ጀመረች። እኔም በሆዴ ናቅኋቸው። እናንተ ቀርቶ ነጋዴው የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ እያልኩ አንገቴን ቀና አድርጌ አልፋለሁ። ባዶ ኩራት መሆኑን አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

አንድ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መጡ። በመሃላቸው የነበሩት ሐጂ የሰፈራችን ታላቅ ናቸው፤ ባሌን ከልጅነቱ ያውቁታል። የሚያሳዝነው፣ የሐጂ ልጅ ገብስ የሚያስረክበው ለዚያው ለሁሩታው ነጋዴ ነው። እውነቱን ብነግራቸው ማግስቱን ሁሩታ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ሐጂ፣ «ማሎ፣ እባክሽ፣ ጤነኛ ሳለ አብረሽው በልተሽ፣ ሲታመም እንዲህ ይደረጋል?»

«ሐጂ፣ የማይታረቅ ነገር ሆኖብን ነው። ይተዉት።»

«ምን አደረገሽ? መታሽ?»

«አልመታኝም።»

«ሰደበሽ?»

«ኧረ አልሰደበኝም።»

ሐጂ ግቢውን ሲቃኙ ቆዩ። ዓይናቸው ገመዱ ላይ ቆመ። የባሌ ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝና የውስጥ ልብስ ተሰጥቷል፤ ጠዋት ያጠብኩት ነው።

«የፈታሽውን ሰው ሱሪ ማን ያጥብለታል?»

«እኔ ነኝ፤ ለሰብአዊነት ብዬ» አልኳቸው።

«ሰብአዊነት!» አሉና ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ባሌ ሰርቪሷ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ሽማግሌዎቹ ከራቁ በኋላ ምሳውን ይዤለት ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አገኘሁት። የእሱን ውርደት የኔ ብልጠት እንዳመጣው ገባኝና አፈርኩ፤ በማፈሬም ተናደድኩ። ሳህኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ክረምቱ ሲገባ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሆስፒታል ባሌን አየውና ንቅለ ተከላ ይቻላል አለ። ኩላሊት የሚሰጥ የሥጋ ዘመድ ወይም የትዳር ጓደኛ ካለ ይመርመር ተባለ። ወንድሙ ስኳር አለበት። እህቱ ስትመረመር አልተስማማም። ልጃችን ዕድሜዋ አልደረሰም፣ ቢደርስም አልፈቅድም ነበር። እኔ ተመረመርኩ። ደሜም፣ ሌላውም ሌላውም ምርመራ ተስማማ። ሐኪሙ ሲነግረኝ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ሰው መሃል እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ባሌ ሊድን ነው፣ መድኃኒቱም ጎኔ ውስጥ ተቀምጧል።

ፋይላችንን የያዘችው ማኅበራዊ ሠራተኛ ወጣት ልጅ ናት፤ ንግግሯ ለስላሳ፣ ዓይኗ ግን የማያልፈው ነገር የለም። ኩላሊት እንዳይሸጥ ስለሚፈራ የሆስፒታሉ ኮሚቴ ዝምድናውን በደንብ ያጣራል አለችን። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ጋብቻችሁ የጸና መሆኑን ከወሳኝ ኩነት አጽፋችሁ አምጡ» አለች።

እኔና ባሌ ተያየን። ወሳኝ ኩነት መዝገቡ ላይ ያለው ፍቺያችን ነው። ስምንት መቶ ብር የከፈልኩበት ፍቺ።

ለወንድሜ ደወልኩለት። አልደነገጠም፤ ወንድሜ የሚደነግጠው ገንዘብ ሲጠየቅ ብቻ ነው። «ምን ችግር አለው፣ ተመልሳችሁ ተጋቡ!» አለ። ወደዚያው ጃንጥላ ሄድን። ማመልከቻ ጸሐፊው እንደ አሮጌ ደንበኛ ተቀበለን። ባሌ ከእጥበት በተመለሰ ማግስት፣ ቁሞ መቆየት ስላልቻለ ወንበር ተሰጥቶት፣ ሁለተኛ ጊዜ አገባሁት። ምስክሮቻችን ወንድሜና የሱቁ ጎረቤት ነበሩ። ሁለቱም ሰዓታቸውን እያዩ ነበር።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አዲሱን ሰርተፍኬት ተቀብላ አነበበችና ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«የተጋባችሁት የዛሬ ስድስት ቀን ነው?»

«ከዚያ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል» አልኳት።

«ከዚያ ተፋታችሁ።»

«የወረቀት ነበር።»

«እናቴ፣ አይቆጡኝ» አለችኝ። «ለኩላሊት ብለው ተጋብተው የሚመጡ ብዙ አይቻለሁ። እነሱም የወረቀት ነው አይሉም፤ እናንተ ይባስ ብላችሁ ራሳችሁ አላችሁት። ከፍቺው በፊትም በኋላም ባልና ሚስት ሆናችሁ መኖራችሁን በሰነድና በሰው አስረዱ። ያለዚያ ኮሚቴው አያሳልፈውም።»

ልቆጣት ፈልጌ ምክንያት አጣሁ። ልጅቷ ልክ ናት። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እኔን ከበር እመልስ ነበር።

ሰነድ ፍለጋ ቤቱን ገለባበጥኩት። ካርታው በኔ ስም ብቻ። የእድር ደብተር ሁለት። የድሮው የጋብቻ ሰርተፍኬት ተሰርዟል። ሰውስ? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቢጠራ፣ ባሏን አስወጥታ ሰርቪስ ያስገባች ጨካኝ ናት ብሎ በሙሉ ልቡ ይመሰክራል። በደንብ ነበር ያታለልኳቸው። ከፍቺው ትንሽ ቀደም ብሎ ባልና ሚስት ብለን የፈረምንበት፣ ሕክምናውን የሚጠቅስ፣ ሦስት ሰው የመሰከረበት አንድ ወረቀት ብቻ አለ፤ እሱም ሁሩታ ነው።

«እብድ ነሽ?» አለኝ ወንድሜ። «እግርሽ እዚያ ከረገጠ ቤቱ አለቀ። ፍቺው ውሸት ነበር ብለሽ በራስሽ አፍ ልትነግሪው ነው። ትንሽ ታገሺ፣ ሌላ ዘዴ ይፈለጋል።»

በዚያው ሳምንት ባሌ ሳንባው ውሃ ቋጥሮ በኦክስጅን አደረ። ሐኪሙ በሳምንት ሁለት እጥበት ይህን ሰው ወራት አያቆየውም አለኝ። ወንድሜ የሚፈልገው ዘዴ እስኪገኝ ባሌን በምን ላቆየው? ቤቱን ወይም ሰውየውን ከሚለው በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። ብልጥ ሆኜ በቆየሁባቸው ወራት ሁሉ ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት ሁሩታ ሄድኩ።

ነጋዴውን መጋዘኑ በር ላይ አገኘሁት። በመውጊያ ጆንያ እየወጋ የገብስ ናሙና መዳፉ ላይ ያፈሳል፣ አንዷን ፍሬ ይነክሳል፣ ይተፋል። ባሌ የሚነዳው ኮምባይነር ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ሰላም አልኩትና ቁሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፍቺውን፣ ካርታውን፣ ሰርቪሷን፣ ኩላሊቱን። ጆንያ መውጋቱን አላቋረጠም። ስጨርስ እጁን አራገፈና ወደ ውስጥ ገብቶ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አመጣ።

«መምህር አይደለሽ? አንብቢልኝ» አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል።»

«አንብቢ።»

አነበብኩ። እኛ ባልና ሚስት፣ ለባል ሕክምና የሚውል፣ በአንድነትም በተናጠልም ልንከፍል ተበድረናል።

«ይቺ ሁለተኛዋ ፊርማ የማን ናት?»

«የኔ።»

«ታዲያ ቤቱን ከማን ወደ ማን አዞርሽው?»

ቤቱን ከአንዱ ባለዕዳ ወደ ሌላው ባለዕዳ ነበር ያዞርኩት። ያን ሁሉ ውርደት የተሸከምኩለት ብልሃት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም እንዳልነበረ፣ ራሴ የፈረምኩትን ራሴ ሳነብ ነው የገባኝ።

«ጠበቃዬ ሳምንት ሳይሞላው ነግሮኛል» አለ ነጋዴው። «ስንስቅበት ነው የከረምነው።»

«ታዲያ ለምን አልከሰሱንም?»

ሊዋሸኝ ይችል ነበር፤ አልዋሸኝም። «የታመመ ሰው ቤት ብሸጥ አገር ይረግመኛል። እስኪሞት እየጠበቅሁ ነበር።»

ይህን ሲል ድምፁ ስለ ገብስ ዋጋ ሲያወራ ካለው ድምፅ አልተለየም። ልተፋበት አሰኝቶኝ ነበር። ግን እኔስ ምን ልበል? እሱ እስኪሞት ቢጠብቅ፣ እኔ በቁሙ ፈትቼዋለሁ።

«ይመስክሩልኝ» አልኩት። «ቤቱን ራሴ ሸጬ እከፍልዎታለሁ። ሐራጅ አያስፈልግም።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ቶሌ» አለ። እሺ ማለቱ ነው። መውጊያውን አነሳና ወደ ጆንያዎቹ ተመለሰ።

ከሁሩታ ስመለስ ቀጥታ ሐጂ ቤት ሄድኩና እውነቱን ነገርኳቸው። ያበርዳቸዋል ስል ባሰባቸው። «ለቆርቆሮና ለጭቃ ብለሽ ሽማግሌ ፊት ዋሸሽ! ባልሽን እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ምን ይለኛል እያለ እንዲሳቀቅ አደረግሽው!» ብለው ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ አወጡ። ፊታቸው አልቅሼ ወጣሁ። በቀጠሮው ቀን ግን ከሁላችንም ቀድመው መናኸሪያ ቁመው አገኘኋቸው።

ኮሚቴው ፊት ነጋዴው ካቦርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። ፍቺው ውሸት መሆኑን በምን ያውቃሉ ሲሉት የተለበጠውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣለና፣ «እነዚህ ሰዎች ባልና ሚስት ካልሆኑ ስድስት መቶ ሺህ ብሬን ለማን ነው ያበደርኩት?» አለ። ሐጂ ደግሞ ስለ ሱሪው መሰከሩ፤ ስንት ሱሪ፣ ስንት ሸሚዝ እንደነበር አልረሱም። የኔ ተራ ሲደርስ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሐኪም ለምን ፈታሽው አለኝ። «ለቤት ብዬ ነው» አልኩት። «ሞኝ ነበርኩ፣ ራሴን ብልጥ አድርጌ ቆጥሬ። አሁን ቤቱ ይሸጣል። ባሌን እወደዋለሁ፣ እንዲሞትብኝ አልፈልግም።» ይህን ቃል በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለባሌ ለራሱ ብዬው አላውቅም። ጎኔ ተቀምጦ ነበር፤ አንገቱን ደፋ።

ኮሚቴው ንቅለ ተከላውን ፈቀደ። ቤቱን የገዛን ሌላ ከተማ የሚኖር ሰው ነው። ሊያየው ሲመጣ ግድግዳውን በጣት አጥንቱ እያንኳኳ፣ «ይሄ ጭቃ ነው፣ ይፈርሳል» አለ። ልመታው ፈለግሁ። ፈረምኩ፣ ነጋዴው ብሩን ሳንቲም ሳይጎድል ተረከበ፤ ውሉ ላይ «ተከፍሏል» ብሎ ጽፎ ሰጠኝና ለባሌ ጤና ተመኘ። የተረፈችን ገንዘብ ለሁለት ክፍል ኪራይና ለመድኃኒት ተቀመጠች። ወንድሜ ዕቃ ስንጭን መጣ፤ አንድም ነገር አላነሳም። «ትንሽ ብትታገሺ ኖሮ» አለኝ። የአልጋ ጣውላ በእጄ ይዤ ነበር፤ እግዚአብሔር ነው ያተረፈው።

ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ማግስት ጎኔ እንደ እሳት እየለበለበኝ ነቃሁ። ባሌ በሽታ እንዳይዘው ለብቻው መስታወት ያለው ክፍል ውስጥ ነው፣ መግባት አይፈቀድም። ነርሷን ብለምናት በተሽከርካሪ ወንበር እስከ መስታወቱ ወሰደችኝ። ከታመመ ጀምሮ የዚያ ሰው ሽንት እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ዓመት ሙሉ ጠብታ አልሸናም ነበር። አሁን ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለችው ከረጢት በቢጫ ውሃ ተነፍታለች። ሲያየኝ ሊቀመጥ ሞከረ፣ አቃተው። እጁን ዘርግቶ ከረጢቷን ከታች ደገፈና ወደኔ ትንሽ ከፍ አደረጋት። ሦስት ጣቱን አሳየኝ። ሦስት ሊትር።

ሳቅኩ፤ ስፌቴ ሊቀደድ ደረሰ። ከዚያ ሳላውቀው ማልቀስ ጀመርኩ። ማላገጫ የማይጠፋት ሴት አንድ ቃል አላገኘሁም። በዚያች ከረጢት ውስጥ ያለውን ሳሎኔን፣ ሰርቪሴንና የብሎኬት አጥሬን ሰጥቼ ነው ያገኘሁት፤ እንደገና ስጪ ብባልም እሰጣለሁ።

ነርሷ ወንበሬን እንደያዘች ጎንበስ ብላ መስታወቱን አየች።

«ምንዎት ነው?» አለችኝ።

«ባሌ ነው» አልኳት።

ወረቀት አልጠየቀችኝም።